ንገረው፣ ንገራት

«ለአባትህ ንገረው፤ ልጁ እግር እንዳለው ትዝ ካለው ጫማ ይግዛለት በለው!» አለች ጽጌሬዳ፣ የልጇን ጫማ አፍንጫ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ጣቱ የት እንደደረሰ ካረጋገጠች በኋላ። አንዱዓለም «እሺ» አለ። ከአዘዞ ታክሲ ተሳፍሮ ማራኪ እስኪወርድ ድረስ መልእክቱን አጠበው፣ አሰጣው፣ ተኮሰው፤ አባቱ ፊት ሲቆም እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ «እማዬ ሰላም ብላሃለች። ጫማዬ ትንሽ ጠቦኛል፤ ሲመችህ ብላለች።» አባቱ ቢያዝን ሲነካካ የነበረውን ስልክ አስቀመጠ። «ሲመችህ? ጽጌሬዳ ናት ሲመችህ ያለችው?» «አዎ» አለ ልጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ቢያዝን ግን፣ «ንገራት፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ብቻ አይደለሁም በላት» አለ። ይህም በተራው ታጥቦ ዓርብ ማታ አዘዞ ሲደርስ፣ «አባዬ እሺ ብሏል፤ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ብሏል» ሆነ። ጽጌሬዳ አፏን ይዛ ቀረች። በምስጋናው ልቧ ስለራራ በማግስቱ ራሷ ወጥታ ጫማ ገዛች፤ ቢያዝንም «ሲመችህ» በመባሉ ደስ ብሎት ያንኑ ቀን ገዝቶ ጠበቀ። አንዱዓለም በአንድ ሳምንት የሁለት ጫማ ባለቤት የሆነው እንዲህ ነው። ሽምግልና አያለብስም ያለው ማን ነው?

ይህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማራ ዓመት ሊሞላው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለትምህርት ቤቱ ስለሚቀርብ ማራኪ አባቱ ዘንድ ያድራል፤ ዓርብ ማታ አዘዞ ወደ እናቱ ይሄዳል፤ እሑድ ይመለሳል። ስሙ አንዱዓለም፣ ቤቱ ሁለት። አባቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎች ጉዳይ ላይ ይሠራል፣ እናቱ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሁለቱም ለሰው ጥያቄ መልስ የማያጡ የተማሩ ሰዎች ናቸው። የገዛ ልጃቸውን ግን አንድ ቀን አጠገባቸው አስቀምጠው «ተፋተናል» አላሉትም። የተነገረው «እማዬ አዘዞ የሄደችው ለሥራዋ ስለሚቀርባት ነው» የሚል ነው። ሆስፒታሉ ከተማው መሀል ነው፤ ከማራኪ በባጃጅ አፍታ ነው፣ ከአዘዞ ግን የታክሲው ሰልፍ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ልጁ ዝም አለ እንጂ አልሳተውም። ዘመድ አዝማዱም «ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል» እያለ አናቱን ዳብሶት ያልፋል።

እሱ ግን የረሳው ነገር የለም። እንዲያውም ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ራሱ ነው። እናቱ ገና ማራኪ ሳለች፣ ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው በእሱ በኩል ብቻ ይነጋገሩ በነበረበት ሰሞን፣ ‹ለአባትህ ሚጥሚጣውን አቀብለው›፣ ‹ለእናትህ በቃኝ በላት› ይባባሉ በነበረበት ሰሞን ማለት ነው፣ አንድ ማታ እናቱ ኩሽና ሆና «ለአባትህ ንገረው፤ ከእሱ ጋር ከምኖር ብቻዬን ብኖር ይሻለኛል» አለችው። ለሥራው ገና አዲስ ስለነበር አንዲት ቃል ሳያጎድል አደረሰ። በሳምንቱ እናቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አንድም መልእክት ሳይታጠብ በእሱ እጅ አላለፈም።

ታዲያ ዓርብ ማታና እሑድ እሑድ ሆዱን ይቆርጠዋል። እናቱ ነርስ አይደለች፣ የወስፋት መድኃኒት ሰጠችው፤ አልተወውም። አባቱ ያደገበት መድኃኒት ትዝ ብሎት ጤና አዳም ጨምቆ አጠጣው፤ አልተወውም። የአባቱ ታላቅ እህት እትዬ የትነበርሽ ደግሞ በማለዳ ጠበል ወስዳ አስጠመቀችው፤ በሆድ ቁርጠቱ ላይ ጉንፋን ጨምሮ ተመለሰ። ሆዱ ሰኞና ማክሰኞን እየተወ ዓርብና እሑድን ለምን እንደሚመርጥ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የዛሬው እሑድ እንደ ሌላው እሑድ አይደለም። ቢያዝን ከአባቱ የወረሰው የሚካኤል ማኅበር አለው፤ ማኅበርተኞቹ ከድብ ባሕር መጥተው ጎንደር የቀሩ የአገር ልጆች ናቸው። አብዛኛው ሠራተኛ ስለሆነ ጽዋው የሚጠጣው ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው። የጥቅምቱ ተራ የቢያዝን ነበር፤ ያለ ሚስት ሲደግስ የመጀመሪያው። አንዱዓለም ደግሞ ባለፈው ዓመት በዚህ ማኅበር ላይ ያየውን ነገር በልቡ ይዞታል። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው ለዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረው ነበር። ቄስ ገብረ ኪዳን ዳቦውን ከመባረካቸው በፊት እንደ ልማዳቸው «በመካከላችሁ የተጣላ አለ?» ብለው ጠየቁ፤ ቂም ይዞ የሚካኤልን ጽዋ መቅመስ አይፈቀድምና። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አያ አዳሙ ሁለቱን ሰዎች በከዘራቸው ጠቆሙ። ሰዎቹ ተነሡ፣ ተሳሳሙ፣ ጠጡ። በሳምንቱ አንዱዓለም በዚያ ሰፈር ሲያልፍ የተጣሉበት አጥር ፈርሶ ሁለቱ ግቢ አንድ ግቢ ሆኖ አየው። በዓይኑ ያየውን ደግሞ ማን ያስክደዋል? እናቱና አባቱ በሚካኤል ማኅበር አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ፣ የቀረው የቄስ ገብረ ኪዳን ሥራ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ማንም ያልላከውን ሁለት መልእክት ከራሱ አውጥቶ አደረሰ። ለእናቱ፣ «አባዬ፣ ‹ያለ አንቺ ማኅበሩ አያምርም፤ እባክሽ ነዪልኝ› ብሏል» አላት። ለአባቱ፣ «እማዬ፣ ‹ከሚካኤል አልቀርም፤ ድፎ ዳቦውንም እኔ ደፍቼ አመጣለሁ› ብላለች» አለው። ዳቦውን የጨመረው ነገሩ እንዲጣፍጥ ብሎ ነው። ችግሩ፣ ስለ ዳቦው ለእናቱ መንገር ረሳ። ውሸት ጥሩ ትውስታ ይፈልጋል።

እሑድ ጠዋት ጽጌሬዳ ከመስተዋት ፊት አልነቃነቅ አለች። ቤቷ አዘዞ አዲሶቹ ቤቶች ጋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉን በመጋረጃ ከፍላ ወዲህ ሳሎን ወዲያ መኝታ ብላዋለች። ሶፋው ሌሊት የአንዱዓለም አልጋ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ መስኮቱ ይርገፈገፋል፤ መጀመሪያ ሰሞን ልጁን ያስደነግጠው ነበር፣ አሁን ግን ‹የጠዋቱ ገባ› ብሎ ሰዓት ያውቅበታል። ጽጌሬዳ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ቀሚስ ለበሰች፣ አወለቀች፣ ቀዩን ለበሰች፣ እንደገና ወደ አረንጓዴው ተመለሰች። «እስቲ ድገመው፤ ያለ አንቺ አያምርም ነው ያለው?» ስትለው፣ «አያምርም ነው ያለው» አላት። «እባክሽም ብሏል?» «ብሏል።» ፊቷን ወደ መስተዋቱ መለሰች። ልጁም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሁለት ጣቱ የጫማውን ክር እየጠመዘዘ ያያታል፤ ደስ ብሎታል። ኩሽና ተብላ የተሰየመችውን ጥግ ያየው ያን ጊዜ ነው። ቡታጋዙ ንጹሕ ነው። ከላዩ የተደፋ ነገር የለም፤ የሊጥ ሽታም የለም።

«እማዬ፣ ዳቦው የታለ?» አለ።

«የምን ዳቦ?»

አንዱዓለም የጫማውን ክር ለቀቀ። «አባዬ . . . ዳቦ ይዘሽ እንድትመጪ ብሎሽ ነበር። ረስቼው ነው» አለ፤ ሌላ የሚለው አልመጣለትም። ጽጌሬዳ መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥላ ጣሪያውን አየች። ድፎ ዳቦ ማታ ተቦክቶ ሌሊቱን ሲያድር ነው የሚደፋው፤ በእሑድ ጠዋት ከየት ይመጣል? ለአንድ አፍታ ቀሚሱን አውልቃ ልትቀር ነው ብሎ ልጁ ሰጋ። እሷ ግን ነጠላዋን አነሣች። «ዓመት ሙሉ ቆይቶ አንድ ነገር ቢለምነኝ እንዴት ባዶ እጄን እሄዳለሁ!» አለችና አንገቱን ይዛ ወደ ዳቦ ቤቱ አዋከበችው። ዳቦ ቤቱ ያለውን ሁሉ በሁለት ትልልቅ ፌስታል አጭቀው ወጡ። ታክሲው ውስጥ ፌስታሎቹ የሰው ቦታ ያዙ። ረዳቱ «እናት፣ ዳቦ ቤት ልትከፍቺ ነው?» አለ፤ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ተዪው ልጄ፣ ሁሉም ሲደመር ያኔ ድሮ አንድ ዳቦ ነበረ፤ አንሶ አንሶ የሸሚዝ ቁልፍ አክሏል» አሉ፤ ከዚያ ወሬው ወደ ጤፍ ዞሮ፣ ከጤፍ ወደ ቤት ኪራይ፣ ከቤት ኪራይ ወደ ነዳጅ ሄዶ ሁሉም ተሳፋሪ እኩል ተማረረ። ጽጌሬዳ እንኳ ሳቀች። አንዱዓለም ሙቁን ፌስታል ሆዱ ላይ አስደግፎ ‹ዛሬ ብቻ፣ ዛሬ ብቻ አግዘኝ› እያለ ሚካኤልን ለመነ። ቁርሱን አልበላም ነበር።

ማራኪ ሲደርሱ ድንኳን ባይተከልም ግቢው ተጠርጓል፣ አግዳሚ ተደርድሯል። ጽጌሬዳ ከወጣች ወዲህ ይህን በር ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሳሎኑ መጋረጃው ተለውጧል፤ እሷ የመረጠችው ቢጫ ነበር፣ አሁን ቡናማ ነው። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ወደ ጥጉ ዞሯል። ሰርግ ላይ የተነሡት ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ባዶውን ነው፤ ቀለሙ ሌላ ቦታ ደብዝዞ እዚያ ብቻ እንደ አዲስ ሆኖ ቀርቷል። አላየሁም ብላ አለፈች። ቢያዝን ነጭ ጋቢ ለብሶ ከበሩ ላይ ተቀበላት። «እንደምን አደርሽ?» አላት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው፤ በዓመቱ በቀጥታ የተነጋገሩት ይህን ነው፤ ሁለቱም ከዚህ በላይ ምን እንደሚባል ስላላወቁ ወደ ልጁ ዞረው ሳቁለት። አንዱዓለም በጎ ምልክት ነው ብሎ ያዘው።

እትዬ የትነበርሽ ግን ከጓዳ እጇን እያደራረቀች መጣችና ዓይኗን ፌስታሎቹ ላይ ተከለች። «ድፎው የታለ፣ ጽጌ?» አለች። ጽጌሬዳ ፌስታሎቹን አቀበለቻት። የትነበርሽ ወደ ውስጥ አየች፣ አንዷን ዳቦ አውጥታ በመዳፏ ላይ መዘነቻት። «የሚካኤል ዳቦ በፌስታል! ምነው፣ እኔስ በሞትሁልሽ፤ ወንድሜ ‹ጽጌ እደፋለሁ ብላለች› ብሎ ባይከለክለኝ ማታ አቡክቼው አድር አልነበር?» ያን ጊዜ ማኅበርተኛው ገብቶ ተቀምጧል፤ ቄስ ገብረ ኪዳንም መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌው አሉ፤ ሙሴው አያ አዳሙ ከጎናቸው። አንዱዓለም ማስታጠቢያ ይዞ የእንግዳ እጅ ሊያስታጥብ መሀል ላይ ቆሟል። ሸሽቶ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

«እደፋለሁ አልሁ እንዴ?» አለች ጽጌሬዳ ወደ ቢያዝን ዞራ። «አንተ አይደለህ ዳቦ ይዘሽ ነዪ ብለህ የላክህብኝ? ለዚያውም ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት!»

«እኔ? እኔ ዳቦ ላክሁብሽ?»

«ያለ አንቺ ማኅበሩ አያምርም ያልኸውስ? እባክሽ ያልኸውስ?»

ቢያዝን ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። አላልሁም እንዳይል ሰው መሀል ናት፤ ብያለሁ እንዳይል አላለም። «አንቺስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ስለ ጫማው ‹ሲመችህ› ብለሽ የላክሽው . . .?» «መቼ?» «ፋሲካ ላይስ ‹በርታ› ያልሽኝ?» «በርታ? እኔ?» አለች ጽጌሬዳ። «አመሰግናለሁ ያልኸውስ? ስታመም ‹ሐሳብ ሆኖብኛል› ያልኸው?» እንዲህ እየተጠያየቁ የዓመቱን መልካም ቃል ሁሉ አንድ በአንድ አወጡት፤ አንዱም የማናቸውም አልነበረም። ከዚያ ሁለቱም ባንድ ላይ ዞረው ማስታጠቢያ የያዘውን ልጅ አዩት። ውኃው ከማስታጠቢያው አፍ እየተንጠባጠበ ምንጣፉን አርሶታል።

«እኔ ነኝ» አለ አንዱዓለም። «እናንተ የምትሉትማ . . . አይነገርም እኮ።»

አንድ ሰው ከጥግ ሊስቅ ጀምሮ በሳል አሳበበ። ጽጌሬዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ቢያዝን ደግሞ ቢሮው ውስጥ ተማሪ የሚቆጣበት ፊቱ ጠፍቶበት እንደ ተማሪ አቀረቀረ። የተናገሩት አያ አዳሙ ናቸው። «ምነው ታዲያ ታፈጡበታላችሁ?» አሉ ከዘራቸውን መሬት መትተው። «ዓመት ሙሉ በሸጋ ቃል አኖራችሁ እንጂ ምን አጠፋ? እኛ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሆነን መጥተን አቅቶን ነው የሄድነው። በሉ አባታችን፣ ጠይቁ እንግዲህ፣ ዳቦው ከፌስታልም ቢወጣ ሲባረክ አንድ ነው።»

ቄስ ገብረ ኪዳን ተነሡ። ጸሎት አደረሱና እንደ ልማዳቸው «በመካከላችሁ የተጣላ አለ?» አሉ። ማንም መጠቆም አላስፈለገውም። ቢያዝን ተነሣ፤ ጽጌሬዳም ተነሣች። አንዱዓለም ትንፋሹን ያዘ። አባቱ ዝቅ ብሎ፣ «ጽጌ፣ ብዙ በድዬሻለሁ። ስለ ሚካኤል ይቅር በይኝ» አለ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ልጁ ሰምቶ አያውቅም ነበር። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች እናቱ፤ «እኔም በድያለሁ፤ ይቅር በለኝ።» «ይቅር ለእግዚአብሔር።» ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ሁለቱም አለቀሱ፤ ይህ ውሸት አልነበረበትም። የትነበርሽ ስለ ዳቦው የያዘችውን ቅያሜ ረስታ እልልታዋን ለቀቀችው። ዳቦው ተባረከ፣ ተቆረሰ፤ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በጥቅምት አንድ አጥንት እየተባለ የወጡ አጥንት ተጋጠ። አንዱዓለምን ግን ማንም ‹በላህ ወይ› አላለውም፤ ብላ ቢሉትም አይበላም ነበር፤ ሥራ ነበረበት። እናቱ ሶፋው ላይ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አንሥቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ከበሩ ጀርባ፣ ድሮ ቦርሳዋ ይንጠለጠልበት የነበረው ምስማር አሁንም አለ፤ የአባቱ ጃኬት ተሰቅሎበታል። ጃኬቱን አውርዶ አልጋው ላይ ጣለና ቦርሳውን ሰቀለው። ራቅ ብሎ አየው። ጥሩ ነው።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ማኅበርተኛው ምርቃት ተቀብሎ መነሣት ጀመረ። የኅዳሩ ባለ ተራ አያ አዳሙ ስለሆኑ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ተረከቡ። ጽጌሬዳ የትነበርሽን ዕቃ ስታጋግዛት ቆይታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሶፋውን አየች፤ ትራሶቹን አነሣች። «ቦርሳዬን ያያችሁ?» አለች።

«ቦታው ላይ ነው» አለ አንዱዓለም።

«የት ቦታው?»

«ቦታው ላይ ነዋ፣ እማዬ።» መኝታ ቤቱን አሳያት። ጽጌሬዳ ገብታ ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ቦርሳ፣ አልጋው ላይ የተጣለውን ጃኬት አየች። እጇን ሰድዳ ልታወርደው ስትል ልጁ ክንዷን ያዘ። «ለምን ታወርጂዋለሽ? ታርቃችሁ የለ? ሰው ሁሉ አይቷል እኮ! ታርቃችሁ የለ?» ጩኸቱ ቢያዝንን ጠራው። ሁለቱም ልጁን መሀል አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጽጌሬዳ ጀመረች። «አንዱዬ፣ አዘዞ የሄድሁት ለሥራ ስለሚቀርበኝ አይደለም። ይህን ታውቃለህ አይደል?» ራሱን ነቀነቀ። «ታርቀናል፤ እውነታችንን ነው» አለ ቢያዝን፤ «ከዛሬ ጀምሮ ቂም የለንም። ግን ተፋተናል። አብረን አንኖርም። እናትህ ቤቷ አዘዞ ነው፣ እኔም ቤቴ እዚህ ነው፤ አንተ ደግሞ የሁለታችንም ነህ።» ቃሉ ከአባቱ አፍ ሲወጣ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው። ሲያውቀው የኖረ ነገር ነበር፤ ሲነገረው ግን አዲስ ሆነበት።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለ። «ያን ቀን ማታ ‹ከእሱ ጋር ከምኖር ብቻዬን ብኖር ይሻለኛል› ያለችውን ሳላሳምር ስለነገርሁህ ነው። ብደብቀው ኖሮ አትሄድም ነበር።» ሁለቱም ግራ ተጋቡ። እናቱ ማለቷን ረስታዋለች፤ አባቱም መስማቱን ረስቶታል። ይህ ልጅ ዓመት ሙሉ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ተሸክሞ ከአዘዞ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ሲመላለስ ነበር፤ እነሱ ግን የወስፋት መድኃኒት ሲሰጡት ከርመዋል። «አይደለህም» አለች ጽጌሬዳ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ። «ስማኝ፣ አንተ አይደለህም። ከዚያ በፊት ጨርሰን ነበር፤ እኔና እሱ ነን የጨረስነው።» «እኔም ከራሷ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለ አባቱ። «ባትነግረኝም ትሄድ ነበር።» ያን ጊዜ አንዱዓለም ጮኾ አለቀሰ። እንባው የዓመት ስለነበር አላልቅ አለ። የትነበርሽ በበሩ ብቅ ብላ «ኧረ ተው፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለቅሳል?» አለች። «ያለቅሳል፣ እትዬ» አላት ቢያዝን፣ ራሱም በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ።

ጽጌሬዳን እስከ ታክሲው አብረው ሸኟት። ቦርሳዋን የያዘው አንዱዓለም ነበር፤ ስትሳፈር ራሱ አቀበላት። እሷም በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ሆዱን ካመመው ደውልልኝ» አለች፤ ቃሉ ለአባቱ ነበር፣ ዓይኗም አባቱን ነበር የሚያየው። ቢያዝን «እሺ» አለ። ረዳቱ «አዘዞ፣ አዘዞ፣ የሞላ!» ብሎ በሩን ዘጋ።

ቤት ሲገቡ የትነበርሽ ዕቃውን አጣጥባ ወጥታለች። የጥቅምት ብርድ ከመስኮቱ ሥር መግባት ጀምሯል። ቢያዝን ለነገ የልጁን ዩኒፎርም ፈልጎ አወጣ፣ ከዚያ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። «ጃኬትህ የታለ?» «አዘዞ ረስቼዋለሁ።» «በዚህ ብርድ! እናትህም አታይም እንዴ ልጅ ስትልክ? ዓርብ ስትሄድ ንገራት፤ ከዚህ በኋላ ልብሱን ሳታይ . . .»

«አንተው ንገራት» አለ አንዱዓለም።

ቢያዝን ዞሮ አየው። ልጁ አልተቆጣም፤ ዓይኑ ከልቅሶው እንዳበጠ፣ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ነበር። አባቱ ስልኩን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ። ስሟን እስኪያገኝ ጊዜ ወሰደበት። ስልኩ ሲጠራ ተነሥቶ ቆመ፣ ሲነሣ ተቀመጠ። «ሄሎ . . . ጽጌ፣ እኔ ነኝ። ደረስሽ? . . . የለም፣ ደኅና ነው። ስለ ጃኬቱ ነበር . . .» ከዚያ በኋላ ምን እንዳለች አልተሰማም፤ አባቱ ግን «እሺ» አለ፣ ትንሽ ቆይቶም «አመሰግናለሁ» አለ፤ ይህንን ማንም አላጠበለትም። አንዱዓለም ሆዱን በእጁ ዳበሰው። ርቦት ነበር። ከፌስታሉ አንድ ዳቦ አወጣ፣ ጨረሰው፣ ሌላ ደገመ።